የጋሽ አየለ ግማሽ

ባለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ስንወርድ ከፊታችን ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ገባ። ጭነቱ ግራና ቀኝ ተርፎ መንገዱን ዘግቶታል። የሚኒባሱ ሾፌር ጡሩምባውን ያስጮሃል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይሳደባል፣ ተሳፋሪው "ኧረ መስኮት ዝጉ፣ ዓይናችን ጠፋ!" ይላል። እኔ ብቻ መስኮቴን ከፍቼ አፍንጫዬን አወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ጤነኛ ነሽ ልጄ?" አሉኝ። ጤነኛ ነኝ። የሱሉልታ ድርቆሽ ሲሸተኝ ግን አሥር ዓመት ይሆነኛል፣ ሌላ ምንም የለብኝም። ሽታው ዝናብ የመታው ጋቢ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚሸተውን ይመስላል፤ ከሥሩ ትንሽ ማር ማር የሚል ነገር አለው። ሲቃጠል ደግሞ ማሩ ይበረታል። ይህንን የማውቀው ስላቃጠልኩት ነው።

ያደግኩት ከጎጃም መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሜዳው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። መስከረም አልፎ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ለትልቅ ሰው ወገብ፣ ለእኔ አንገት ይደርስ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጉሙ ውስጥ ሯጮች ያልፋሉ። መጀመሪያ የጫማቸው ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ትንፋሻቸው፣ መጨረሻ ላይ እነሱ። ሁልጊዜ አንዱ ከፊት ይሮጥና ሌሎቹ ይከተሉታል። የፊተኛው የሆነ ነገር ሰርቋቸው የሚያሳድዱት ይመስለኝ ነበር። "ዛሬም አልያዙትም" ብዬ ለእማዬ እነግራታለሁ፤ እሷም "ነገ ይይዙታል" ትለኛለች። በማግስቱ ሌባው ራሱ ከእነሱ ጋር እየሳቀ ሲመጣ ግራ ይገባኝ ነበር። ከመካከላቸው ቀይ ጫማ የምታደርግ አንዲት ልጅ ነበረች። እሷን እወዳት ነበር። ስሟን አላውቅም፣ አንድ ቀንም አላናገረችኝም። ሳድግ የምሆነው እሷን ነበር።

ጋሽ አየለ ሣር አጫጅ ነበሩ። ከሰላሌ በኩል ለአንድ የአጨዳ ወቅት ብለው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ከመጎንበስ ብዛት መቃናት የረሳ ሰው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ሜዳው ዳር በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል ውስጥ ቡሬ ከምትባል ላማቸው ጋር ይኖራሉ። ከሰው ይልቅ ከእሷ ጋር ያወራሉ። ማለዳ ማጭዳቸውን በሞረድ ሲስሉ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይመጣል፤ እኔ የምነቃው በዚያ ነበር።

ሜዳው የእሳቸው አይደለም፣ የኦቦ ደበሌ ነው። ኦቦ ደበሌ በአካባቢው የተከበሩ፣ ብዙ ሜዳና ብዙ ከብት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ አየለ ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይከምራሉ፤ ኅዳር ማብቂያ ላይ ክምሩ ይከፈልና ግማሹ ለባለ ሜዳው፣ ግማሹ ለአጫጁ ይሆናል። የእኩል ይሉታል። የኦቦ ደበሌ ክምሮች በየሜዳው ብዙ ነበሩ። ጋሽ አየለ ግን የነበራቸው የዚያ የአንዱ ክምር ግማሽ ብቻ ነው። ቡሬ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የምትበላው እሱን ነው።

ያን ዓመት ክምሩ ከቤታችን ጣሪያ በልጦ ነበር። እኔ ከኋላው በኩል ሣሩን እየመዘዝኩ ጉድጓድ ሠራሁና ቤቴ አደረግኩት። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ጨለማው ወርቃማ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ሀገር የሚመጣ ይመስላል። አንድ እግር የሌላት አሻንጉሊትና የተሰበረ መስታወት እዚያ አስቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ ስተኛ ሣሩ የሚያድግ ይመስለኝ ነበር፤ ማደጉን ያቆመው ሲታጨድ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ተጋድሜ ሳለሁ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። እየጎተተ አወጣኝ። ጋሽ አየለ ናቸው።

"አንቺ አይጥ! ክምሩን ልታበሰብሺው ነው? በዚህ ቀዳዳ ዝናብ ቢገባ ምን ሊተርፈኝ ነው?"

ቀሚሴ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ፣ ፀጉሬ ሣር ብቻ ሆኖ፣ በአንድ እግሬ ተንጠልጥያለሁ። ይህ ብቻ ቢሆን አልቅሼ እረሳው ነበር። ነገር ግን ሯጮቹ እዚያው አጠገብ ቆመው እግራቸውን እያፍታቱ ነበር፤ ባለ ቀይ ጫማዋም አየችኝ። ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረውም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ያኔ ግን አሥር ዓመቴ ነው። ጋሽ አየለን ጠላኋቸው። ሰው የምጠላበት የመጀመሪያ ቀኔ ነበርና እንዴት እንደሚያዝ አላወቅኩበትም፤ ቤት ወስጄ አብሬው ተኛሁ።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ኅዳር አሥራ ሁለት ሆነ፤ ኅዳር ሲታጠን። የዚያን ቀን በየግቢው ቆሻሻው ተጠርጎ ይከመርና ይቃጠላል፤ ጭሱ በሽታን ያባርራል ይባላል። ለእኛ ለልጆች ዓመቱን ሙሉ እሳት መንካት ተከልክለን የሚፈቀድልን አንድ ቀን ነው። እማዬ የተቀጣጠለ የኩበት ቁራሽ በቲማቲም ቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችኝና "የአጥሩን ጥግ አጥኚልኝ፣ ከአጥር እንዳታልፊ" አለችኝ።

አለፍኩ።

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበረች። ሱሉልታ በሙሉ በጭስ ውስጥ ተኝታለች፤ ከየአጥሩ ሥር ግራጫ ጭስ እየተሳበ ሜዳው ላይ ይጋደማል፣ ሰውና ከብቱ ከጉልበት በታች የሌላቸው ይመስላሉ። በዚያ መሃል ሄድኩ። ቤቴ በነበረው ጉድጓድ በኩል ኩበቱን ከሣሩ ሥር አስገባሁት። መጀመሪያ ጭስ ብቻ ነበር፤ ሣሩ ጥቂት ጠቆረና እሳቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ብተወው ይከስም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አውቃለሁ። ተንበርክኬ እፍ አልኩበት። ጋሽ አየለ ሲሮጡ፣ ሰው ሲስቅባቸው ታየኝ። እንደገና እፍ አልኩ። በሦስተኛው ውስጡ አንድ ነገር እንደሚጨማደድ ወረቀት አለ፤ ከዚያ ብርቱካናማ ሆነ።

አልሮጥኩም። ባዶ ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ ኋላ ጥቂት ሄጄ ቆምኩ። የክምሩ ጭስ ከየቤቱ ጭስ ጋር ተቀላቀለና ለረጅም ጊዜ ማንም ነገሬ አላለውም። እማዬ በራችን ላይ ሆና ለጎረቤት ሴትዮ "ዘንድሮስ ሰው በደንብ አጠነ" ስትላት ሰማሁ። ነበልባሉ ከላይ ብቅ ሲል ነው ጩኸት የተነሳው። ሰው ባልዲ ይዞ ሮጠ፤ ውሃው ግን ሩቅ ነው። ጋሽ አየለ በመንሻቸው ያልተያያዘውን ወገን ለመለየት እሳቱ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ አባዬ ወገባቸውን ይዞ አስቀራቸው። ማንም አልሳቀባቸውም። ያ የማር ሽታ ሜዳውን ሞላው።

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ቆርቆሮውን አየ። "ምን እያደረግሽ ነበር?" አለኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት የጎረቤታችን ሴትዮ "ልታጥን ነዋ! ልጅ ምን ታውቃለች፣ ቆሻሻ መስሏት ነው!" አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስቴ እፍ ማለቴን ከቆጠርን ያ ራስ መነቅነቅ አራተኛው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። ሰው ሁሉ "ልጅቷ" ይለኝ ጀመር። "ልጅቷን አትቆጧት፣ ደንግጣለች።" "ልጅቷ በላች?" በሽታ የያዘኝ ይመስል የተሻለውን እንጀራ ለእኔ ያወጡ ነበር። ሊገርፈኝ የሚችለው አባዬ እንኳ አልነካኝም። "ጥፋቷ በእኔ ላይ ይሁን" ሲል ሰማሁትና ለሁለት ቀን ያህል ከኋላው እየተከተልኩ ጀርባውን አየሁ። ጎንበስ ያለ መሰለኝ። ጥፋቴ እዚያ ላይ መሆኑ ነው፤ የት ጋ እንደተቀመጠ ግን ሊታየኝ አልቻለም።

በሳምንቱ አባዬ ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ኦቦ ደበሌ ሄደ። ለሽምግልና የሄደ ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል፤ እርቅ ለመነ ማለት ነው። ኅዳር ላይ እርጥብ ሣር ያለው ጅረቱ ዳር ብቻ ነውና አጭጄ የማመጣው እኔ ሆንኩ። አንድ እፍኝ አመጣሁ። ለተቃጠለው ክምር ምትክ የሚሰጡት መስሎኝ "ይቺ ብቻ ትበቃለች?" ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። "አያችሁ? ልጅ እኮ ናት!" አሉ። ጥያቄዬ ራሱ ነፃ አወጣኝ።

ኦቦ ደበሌ ደጅ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ኦቦ ደበሌ መሃል ላይ፣ አጠገባቸው ቄሱ፣ ጋሽ አየለ ደግሞ ጫፍ ላይ ድንጋይ ቢጤ ላይ፣ ማጭዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ኦቦ ደበሌ፣ ልጄ አጥፍታለች። አውቃ አይደለም። ሳታውቅ ስለመሆኑ በቆምኩበት መሬት እምላለሁ። ጥጃ አለችኝ፣ ተቀበሉኝና ይቅር በሉን።"

ቄሱ "ሕፃን ናት፣ አይቆጠርባትም" አሉ።

ኦቦ ደበሌ ሣሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። "ቶሎሳ፣ ለልጅ ጥፋት ጥጃ አልወስድም። ልጅ የሁላችን ናት። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ!" አሉ። ከልባቸው ነበር፤ የእሳቸውን ደግነት ዛሬም አልክድም። ሰዉ ተነሳ፣ ተቃቀፈ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳመ፣ "ገለቶሚ፣ ገለቶሚ" እያለ ተመሰጋገነ። ኦቦ ደበሌ ራሴን ዳሰስ አድርገው "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጋሽ አየለን ማንም አልጠየቃቸውም። ክምሩ ገና አልተከፈለም ነበር፣ ሜዳው የኦቦ ደበሌ ነው፣ የተከበረው ሰው ይቅር ብለዋል። ነገሩ አለቀ። ጋሽ አየለም ከሜዳው ላለመባረር ብለው ይሁን በተፈጥሯቸው አላውቅም፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። አንዱ ሲያልፍ ትከሻቸውን መታ አድርጎ "አንተም አይዞህ አየለ" አላቸው። ማጭዳቸውን አንስተው ሄዱ።

ክምሩ የነበረበት ቦታ ሜዳው ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ቀረ። ታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡሬ ክቡ መሃል ቆማ አመዱን ስትልስ አየኋት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በረጅሙ፣ ቀስ ብላ። የጎድን አጥንቷ መታየት ጀምሯል። እኔ ሣሩን ከአመዱ ውስጥ የምትፈልግ መሰለኝ። የደብተር ቦርሳዬን መሬት ጣልኩና እያለቀስኩ ወደ ጋሽ አየለ ቤት ሮጥኩ።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። የሚታጨድ ሣር የለም፤ ዝም ብለው ይስሉ ነበር።

"ጋሼ፣ ላጥን ብዬ አይደለም" አልኳቸው።

ሞረዱ ቆመ።

"ቆሻሻ መስሎኝ አይደለም። ተናድጄ ነው። በእግሬ ስለጎተቱኝ። ሊጠፋ ነበር፣ እፍ አልኩበት።"

"ስንቴ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ከሩቅ የመንገዱ መኪና ይሰማል። ከዚያ ማጭዱን ከጎናቸው አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ከአናቴ በላይ እያየ ነበር የሚያወራልኝ።

"እኔ እስከ ዛሬ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች ብዬ ትቼሽ ነበር" አሉ። "ላም አጥር ብትጥስ ማን ይቀየማታል? እንደዚያ ነው የተውኩሽ። አሁን ግን ተቀይሜሻለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

"የተቀያየመ ሰው ሰላም አይባባልም። ሰላም እንዳትይኝ።"

"እሺ። እስከ መቼ?"

"ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል። የአባትሽን ሽማግሌ አይደለም፤ የራስሽን።"

ወደ ቤት ስመለስ ፈርቼ ነበር፣ ግን ደግሞ ሆዴ ቀለል አለኝ። ከብዙ ቀን በኋላ ራበኝ። አንድ ሰው ተቀይሞኛል፤ አሁን የቀረኝ መታረቅ ነው።

ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ያለኝ ሰው ከድርና ገመቹ ነው። ከድር የመንገዱ ዳር ባለ ሱቅ ልጅ፣ የክፍሌ ልጅ ነው፤ አያቱ ሽምግልና በሄዱ ቁጥር ስለሚከተላቸው ቃሉን ሁሉ ሸምድዶታል። ገመቹ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሰባት ዓመቱ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከድር አሰበና "ከባድ ጉዳይ ነው" አለ፣ ልክ እንደ አያቱ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቅዳሜ የአያቱን ከዘራና ኮፍያ ይዞ መጣ። ገመቹ የአባዬን ጋቢ ለበሰ፤ ግማሹ መሬት ይጠርጋል። እርጥብ ሣሩን ራሴ አጭጄ ሰጠኋቸው። ያጠፋ ሰው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመውና እኔ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ቀረሁ።

ጋሽ አየለ ሲያዩአቸው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ዱካ አወጡላቸው፣ "ደህና ዋላችሁ አባቶቼ፣ ምን እግር ጣላችሁ?" አሏቸው።

"ልጃችን አጥፍታለች" አለ ከድር። "አውቃ ነው ያጠፋችው። ጥፋቷን አምናለች።"

"ሁለት ብቻ ናችሁ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ የት አለ?"

ከድር ወደ ገመቹ አየ። ገመቹ "ሆዱን አሞት ቀረ" አለ።

"ይማረው። እንግዲህ ስሙኝ።" ጋሽ አየለ ሣሩን አልተቀበሉም። "ጥፋቱ ገና አላለቀም። ያ ሣር የሚያደርሰኝ እስከ በልግ ዝናብ ነበር። አሁን ጥር ነው። በየካቲትና በመጋቢት ምን እንደሚደርስብኝ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ምን ያህል እንደሆነ ያላየሁትን እንዴት ይቅር እላለሁ? ዝናብ ሲመጣ ኑ።"

ከድር ይህንን ሲነግረኝ አንድ ነገር ገባኝ። ጥፋቴ ያኔ ኅዳር ላይ የተቃጠለ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ገና እየቀጠለ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሳል። እንግዲያው ላሳንሰው እችላለሁ አልኩ።

ያ በጋ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ትንሿን ማጭድ ይዤ ወደ ጅረቱ እወርዳለሁ። ሜዳው ሁሉ የአንበሳ ጀርባ መስሎ፣ ጅረቱ ዳር ብቻ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች። እዚያ ተንበርክኬ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ፣ አጭዳለሁ። የተርብ ድምፅ፣ የውሃው ቅዝቃዜ፣ የተቆረጠው ሣር ሽታ። አንዳንዴ ምን ልሠራ እንደመጣሁ እረሳና ውሃው ላይ የሚንሸራተቱትን ትንንሽ ነፍሳት ስቆጥር ይመሽብኛል። ከዚያ ሸክሜን በራሴ ላይ አድርጌ ወደ ቡሬ እሄዳለሁ። ጋሽ አየለ ሣሩን ተቀብለው፣ ዞር ብለው፣ ካስማዋ ሥር ያደርጉላታል። እኔን አያናግሩም። የሚያናግሩት ቡሬን ነው።

"ቡሬ፣ የዛሬው ለስላሳ ነው" ይሏታል። ወይም፣ "ቡሬ፣ ዛሬ እሾህ አለበት፣ ያጨደው ሰው ዓይኑ የት ነበር?" በማግስቱ እሾሁን ለቅሜ እመጣለሁ። ከክፍል ስቀር ደግሞ፣ "ቡሬ፣ አንዳንድ ሰው ፊደል ሳይማር ሊያድግ ነው" አሉ። አንድም ቀን ወደ እኔ አልዞሩም። ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ተጠንቅቆ ያኮረፈኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጋሽ አየለ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቱ ወተት ይወስዱ ነበር። ጥር ላይ በትልቁ እቃ ነበር። የካቲት አጋማሽ በትንሹ ሆነ። መጋቢት ላይ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ባዶአቸውን በሻይ ቤቱ ፊት ሲያልፉ አየሁ። ጅረቱም አረንጓዴዋን መስመር እያጠበበ መጣ። አንድ ቀን ከምንጩ እስከ ድልድዩ ሄጄ ያገኘሁት ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹ የሳቁባትን ያህል፣ አንድ እፍኝ ነው። ዝናቡ ዘገየ። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሣሬን ይዤ ስደርስ ካስማው ባዶ ነበር። ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ጋሽ አየለ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያናግሩት ስለሌለ ዝም ብለዋል። የት እንደሄደች መጠየቅ አልቻልኩም፤ ተኮራርፈናል። ሣሩን ካስማው ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ቆይቼ ከከድር ሰማሁ፤ ከሆለታ ለመጣ ነጋዴ ነው የሸጧት፣ መኪናው ላይ ለመውጣት እግሯ አልችል ብሎ ለሦስት አነሷት።

ከአሥር ቀን በኋላ ዝነበ። አንድ ሌሊት ዘንቦ በማግስቱ ሜዳው ላይ መርፌ የምታህል ሣር ብቅ ብቅ አለች። ያን ዕለት እንዳለቀስኩ ሌላ ጊዜ ያለቀስኩ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ገመቹ ጋቢውን ሊወስድ ሲል አባዬ ያዘው። "ይሄ ጋቢ ደግሞ የት ነው የሚሄደው?" ገመቹ ደግሞ ሚስጥር አያውቅም፤ "ሽምግልና" አለ። አባዬ ሳቀ። ከዚያ የእኔን ፊት አየና ሳቁን ተወ።

ነገርኩት። ሦስቴ እፍ ማለቴንም። ሥራ የጀመረበትን ሞፈር እንደያዘ ቆመ።

"እኔ እኮ ምያለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ሳታውቅ ነው ብዬ ጽዱ ሥር ምያለሁ።"

"አዎ አባዬ።"

"ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር።"

ሞፈሩን አስቀመጠ። እጁን ታጠበ። ጋቢውን ከገመቹ ትከሻ አንስቶ ራሱ ለበሰው፤ ለገመቹ ባርኔጣውን ሰጠው። ውጭ ለሚጠብቀው ከድር "ሦስተኛው ሽማግሌ ድኗል" አለው። ከድር ትልቅ ክብር ተሰማው፤ አባዬን ከጎኑ አድርጎ ፊት ፊት ሄደ። እኔ ከኋላ፣ እርጥብ ሣር ይዤ። ያን ቀን ሣር ለማግኘት ጅረት መውረድ አላስፈለገኝም፤ ከደጃችን ነጨሁት።

ጋሽ አየለ አባዬን ሲያዩ ተነሱ። አባዬ አልተቀመጠም።

"አየለ፣ ያኔ ያንተን ግማሽ ረስተን ነው የታረቅነው" አለ። "ሐሰትም ምያለሁ። ባላውቅም ምያለሁ። ዲፋማ፣ ይቅር በለኝ።"

"አንተን መች ተቀየምኩህ ቶሎሳ። ተቀመጥ፣ ቁጭ በል።" ጋሽ አየለ አባዬን በእጃቸው ይዘው ዱካ ላይ አስቀመጡት። "ጉዳዩ ከእሷ ጋር ነው። እሷ ትናገር።"

አባዬ ሊናገርልኝ ከንፈሩን ሲከፍት አየሁት። መልሶ ዘጋው። ያ ለእሱ ጥጃ ከመስጠት እንደከበደው ትልቅ ሰው ስሆን ነው የገባኝ።

ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረብኩ። ከድር ያስጠናኝ ረጅም ቃል ነበር፣ ጠፋኝ።

"ሣርዎን አቃጠልኩ። አውቄ ነው። ቡሬ ወተቷ ደረቀ፣ ከሳች፣ ሄደች። ይቅር ይበሉኝ።"

"ሌላስ?"

አሰብኩ። "ብቻዎን ቀሩ።"

ወደ ሜዳው አዩ፤ ጥቁሩ ክብ ላይም ሣር እየወጣ ነበር፣ ከሌላው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ።

"አዎ፣ አለቀ" አሉ። "ያኔ ይቅርታ ብትጠይቂኝ ያጠፋሁት አንድ ክምር ነው ነበር የምትይኝ። አሁን ሁለታችንም አየነው።" ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ያ ወገብ የሚችለውን ያህል ቀና አለ። "ሌንሴ ቶሎሳ፣ የእኔን ግማሽ ይቅር ብያለሁ።"

ከኅዳር ወዲህ ሰው ስሜን ሙሉ ሲጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። ሣሩን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ እንደ ለመዱትም ወደ ካስማው ዞሩ፣ ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ። እዚያ ላይ ቆሙ። እኔ ይቅር ተብዬ ነበር፣ ቡሬ ግን አልነበረችም። ጋሽ አየለ ሣሩን መልሰው ደረታቸው ላይ ያዙት፤ እኛ እስክንወጣ ድረስ አላስቀመጡትም።

በማግስቱ ማለዳ ሜዳው ጉም ነበር። ሯጮቹ መጡ፣ አለፉ፤ ባለ ቀይ ጫማዋ ከመካከላቸው መኖሯን ለማየት እንኳ አልዞርኩም። ጋሽ አየለ ከጉሙ ውስጥ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ሰላምታ ቀድሞ የሚሰጠው ታናሽ ነው፤ እኔ ግን ለአራት ወር ሳልላቸው ከርሜ ቃሉ አፌ ላይ ተሳሰረ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙና ኮፍያቸውን አነሱ።

"እንዴት አደርሽ፣ ሌንሴ?" አሉኝ።